ራስ ደስታ ዳምጠው፦ ከገናሌ በረሃ እስከ መስቃን

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ክራር። ከሃያ ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል።)

  

ባለፈው ሳምንት አንድ የሁሩታ ተማሪ ጥያቄ ልኮልን ነበር። ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ «እንግሊዝ አገር ድሮ ጄኔራል የሚሆኑት የባላባት ልጆች ነበሩ ሲባል ሰማሁ። የባላባት ልጅ መሆን ሰውን የጦር አዛዥ ያደርገዋል ወይ? በእኛስ አገር እንዴት ነበር?»

ግሩም ጥያቄ ነው። እስቲ እናንተም አስቡበት። ትውልድ ማዕረግ ይሰጣል፤ ይህን እናውቃለን። ግን አዛዥነትንስ ይሰጣል? ዛሬ ይህን ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት እንመረምረዋለን። ሰውየው ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። የመኳንንት ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ የሲዳሞ ግንባር አዛዥ። የመጨረሻው ጉዟቸውም ከእኛ ከአርሲ ብዙም በማይርቀው በስምጥ ሸለቆ በኩል ነው ያለፈው።

(ሙዚቃ ለአፍታ ከፍ ይልና ይጠፋል።)

በቅድሚያ ለተማሪያችን የእንግሊዙን ነገር ባጭሩ እንመልስለት።

እንግሊዝ አገር ለረጅም ዘመን የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፤ ይገዛ ነበር። የሀብታም ልጅ ገንዘብ ከፍሎ ትንሹን ማዕረግ ይይዛል፣ ሲጨምር ሻለቃ ይሆናል፣ ሲጨምር ደግሞ የአንድ ሬጅመንት አዛዥ ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋው ደሃ ወታደር ቆሞ ያያል። ይህ አሠራር የቀረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1871 ነው።

ከዚህ አሠራር ምን ዓይነት አዛዥ ወጣ? ሁለቱም ዓይነት ወጥቷል። አርተር ዌልስሊ የሚባል፣ ከአየርላንድ ባላባቶች ቤት የተወለደ ሰው ነበር። ማዕረጉን በቤተሰብ ገንዘብ እየገዛ በ24 ዓመቱ ሌተና ኮሎኔል ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ተማረ። ህንድ አገር ተዋጋ፣ ስፔን ተዋጋ፤ የወታደሩን ስንቅ፣ የበሬውንና የጋሪውን ነገር ሌሊት ተቀምጦ የሚያሰላ ሰው ሆነ። በ1815 ዋተርሎ ላይ ናፖሊዮንን ያሸነፈው እሱ ነው፤ ዓለም የዌሊንግተን መስፍን እያለ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ሎርድ ካርዲጋን ነበር። እሱም ማዕረጉን የገዛ ባላባት ነው። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ባላክላቫ ላይ ከስድስት መቶ በላይ ፈረሰኞችን እየመራ በመድፍ ወደ ተሞላ ሸለቆ ገባ። ትእዛዙ ተዛብቶ የመጣ ነበር። ከእሱ በላይ የነበረው አዛዥ ሎርድ ሉካን ደግሞ የእኅቱ ባል ነው፤ ሁለቱ በዓይን አይተያዩም ነበር፣ ተነጋግረው አላጣሩም። ፈረሰኛው ክፉኛ ተጎዳ። ካርዲጋን ተርፎ ወደብ ላይ ወደቆመችው የግል መርከቡ ገባና ታጥቦ ተኛ። ወታደሩ ድንኳን ውስጥ ሲበርደው እሱ የሚያድረው በዚያች መርከብ ነበር።

እንግዲህ ያንኑ ትውልድና ያንኑ የተገዛ ማዕረግ የያዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከወታደሩ ጋር ኖረ፣ አንዱ መርከቡ ላይ አደረ። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ እኛው ሰው ስንመጣ ያስፈልገናል።

(አጭር የክራር ድምፅ።)

ራስ ደስታ ዳምጠው የተወለዱት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ከሸዋ መኳንንት ወገን ነበሩ፤ አፄ ምኒልክ ወደ ሩሲያ ከላኳቸው መልእክተኞችም አንዱ ናቸው። እሳቸው ዓድዋ ላይ ሲወድቁ ልጃቸው ደስታ ገና ሕፃን ነበሩ።

በዚያ ዘመን አባቱ በጦር ሜዳ የወደቀ የመኳንንት ልጅ ቤተ መንግሥት ገብቶ ያድጋል። ደስታና ወንድማቸው አበበም እንዲሁ በምኒልክ ግቢ አደጉ። የቤተ መንግሥት ልጅ ምን ይማራል? መቆም ይማራል፣ ዝም ማለት ይማራል፣ ማን ከማን እንደሚጣላና ማን ከማን እንደሚዛመድ ይማራል። እንግሊዞቹ በገንዘብ የገዙትን ማዕረግ የእኛዎቹ በዚህ መንገድ ነበር የሚያገኙት፤ በትውልድ፣ በግቢ አገልግሎት፣ በጋብቻ።

ደስታ በወጣትነታቸው ይህን ሁሉ ትተው ለመመነን ወደ ደብረ ሊባኖስ ገብተው እንደነበር ይነገራል። ሰውየውን ለማወቅ ይህ ነገር ይረዳል ብዬ አስባለሁ። ጭምት፣ ጸሎት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከገዳሙ ግን ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሱ፤ በ1917 ዓ.ም. የአልጋ ወራሹን የራስ ተፈሪን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ። አማቻቸው በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ደስታ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ሆኑ።

በ1925 ዓ.ም. ክረምት ላይ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ አሜሪካ ለንግሥ በዓሉ መልእክተኛ ልካ ስለነበር ምስጋና ለማድረስ። ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አገኙ። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ጥቁሮች በብዙ ቦታ ከነጭ ጋር አብረው የማይቀመጡበት ዘመን ነው። አንድ ጥቁር ራስ ካባቸውን ደርበው በፕሬዚዳንቱ ፊት በክብር ሲቆሙ ለእነሱ ምን ማለት እንደነበር እናንተው አስቡት።

(ሙዚቃ ለአምስት ሰከንድ።)

አሁን ወደ ሲዳሞ እንሂድ። ራስ ደስታ ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በፊት የሲዳሞና የቦረና ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው ይርጋለም ነበረች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የምናገረው ለአርሲ ሰው ነው። የአርሲ ሰው የመኳንንት አገዛዝ ማለት ምን እንደነበር ከአያቶቹ ሰምቷል። በ1870ዎቹ የራስ ዳርጌ ዘመቻ በዚህ አገር ላይ ያደረሰውን፣ አዙሌንና አኖሌን፣ ከዚህ ሬዲዮ መስማት አያስፈልጋችሁም። ከዘመቻው በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት በአርሲም በሲዳሞም አንድ ነው። ገበሬው ከነመሬቱ ለወታደሩ ወይም ለሹሙ ይመደባል። እህሉን ይሰፍርለታል፣ ማሩን ያቀርብለታል፣ እንጨቱን ይፈልጥለታል፣ አጥሩን ያጥርለታል፣ ሚስቱ እህል ትፈጭለታለች።

ራስ ደስታ የዚህ ሥርዓት ገዥ ነበሩ። ይህንን ደብቀን ጀግንነታቸውን ብቻ ብናወራ ታሪክ አልተማርንም። ይህን ብቻ አውርተን የሞቱለትን ነገር ብንተወውም ታሪክ አልተማርንም። ሁለቱም የአንድ ሰው ሕይወት ናቸው። ደግሞም ይህ ነገር በጦርነቱ ውስጥ ዋጋ አስከፍሏል፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

(የከበሮ ድምፅ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል።)

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን መረብን ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። ሰሜኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዓምባ አራዶም፣ ተምቤን፣ ማይጨው። በደቡብ በኩል ግን ከጣልያን ሶማሊያ ተነሥቶ የሚመጣው ጄኔራል ግራዚያኒ ነበር። እሱን እንዲመክቱ የታዘዙት ራስ ደስታ ናቸው።

ራስ ደስታ ጦራቸውን ይዘው ከሲዳማ ደጋ ወደ ዶሎ ወረዱ። ርቀቱን በዓይነ ኅሊናችሁ ለማየት ያህል፣ ከሁሩታ እስከ አዳማ ያለውን ርቀት ብዙ ጊዜ ደራርቡት። በእግር ነው። ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ነው። ስንቁን ወታደሩ ራሱ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሲያልቅበት በመንገዱ ካለው ሰው ይበላል። የሲዳማ ደጋ ሰው ጉም የለመደ ነው። ወደ ገናሌ ሸለቆ ሲወርድ የሚያገኘው ደግሞ አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ ወባና የሆድ ተቅማጥ ነው። ከጠላት ጋር ሳይገናኝ በበሽታ ያለቀው ሰው ብዙ ነበር።

ከላይ ደግሞ አውሮፕላን አለ። ይህ ጦር በጠራራ ፀሐይ፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ሲጓዝ ከአየር በግልጽ ይታያል። ቦምብ ይወርድበታል፤ የመርዝ ጋዝም ወርዶበታል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር በአውሮፕላን ተደበደበ። ሰፈሩ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ነበር። በሽተኞች ድንኳን ውስጥ እንደተኙ ሞቱ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊም በደረሰበት ቁስል ሞተ። ዜናው አውሮፓን አናወጠ፤ ጦርነቱን ግን አላቆመውም።

ውድ አድማጮቻችን፣ እስቲ አንድ ጥያቄ። በእንዲህ ዓይነት አገር ላይ ጦርነቱን የሚወስነው ምን ይመስላችኋል? ጠመንጃ? ጀግንነት? የሰው ብዛት?

ውሃ ነው።

(የወንዝ ውሃ ድምፅ፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል።)

ጥር 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግራዚያኒ በካሚዮንና በብረት ለበስ መኪና ተነሣ። የገናሌ ዶርያ ውጊያ የሚባለው ይህ ነው። ጣልያኖች መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? የኢትዮጵያን ጦር ከወንዙ ዳርቻ አራቁት። ወንዙን ያዙ፣ ጉድጓዶቹን ያዙ፣ መትረየሳቸውን ወደ ውሃ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠመዱ። ከዚያ ጠበቁ።

ወታደሩ ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ አንድ ቀን ዋለ፣ ሁለተኛ ቀን ዋለ። ምላሱ አብጦ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ወንዙን ከሩቅ እያየ። በመጨረሻ የማይቻል ሆነ። ሰዎች ከየጥሻው እየወጡ መትረየስ እየተተኮሰባቸው ወደ ውሃው ሄዱ። ከጎናቸው ያለው ሲወድቅ ዘወር ብለው አያዩም። ብዙዎቹ የወደቁት በውሃው አፋፍ ላይ ነው።

(የውሃው ድምፅ ይቆማል።)

በጥምቀት ሰሞን ግራዚያኒ ነገሌ ገባ። ያ ከይርጋለም የወጣ ትልቅ ጦር ተበተነ።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ያለብን ይመስለኛል። ራስ ደስታ በገናሌ ተሳስተዋል። ያን የሚያህል ሠራዊት አውሮፕላን ባለው ጠላት ፊት ገላጣ ቦታ ላይ ማውረድ፣ ስንቅና ውሃ ሳይደላደል በረሃ ላይ ለሳምንታት መቆየት ስሕተት ነበር። ዌሊንግተን ሌሊት ተቀምጦ ያሰላት የነበረችው የስንቅ ጉዳይ በእኛ በኩል የእያንዳንዱ ወታደር የግል ጣጣ ነበረች። ይህ የራስ ደስታ ብቻ ጥፋት አይደለም። ጦሩ በሙሉ በአባቶች ወግ የሚዘምት ነበር፤ ራስ ደስታም የዘመናዊ ጦር ትምህርት ቤት አልገቡም። በቤተ መንግሥት ማደግ ስለ አውሮፕላን አያስተምርም።

ለተማሪያችን የመጀመሪያው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ትውልድ አዛዥነትን አይሰጥም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሕይወት ያለቀው ይህ በታየበት ቦታ ነው።

ግን የራስ ደስታ ታሪክ ገናሌ ላይ አያበቃም። የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው ብል ይቀለኛል።

(ሙዚቃ፤ ዋሽንት፤ ለአሥር ሰከንድ።)

ይህን የሬዲዮ ዝግጅት አሁን የከፈታችሁ ካላችሁ፣ ስለ ራስ ደስታ ዳምጠው እየተነጋገርን ነው። የመኳንንት ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች፣ በገናሌ ዶርያ የተሸነፉ አዛዥ።

ከሽንፈቱ በኋላ ራስ ደስታ ወደ ይርጋለም ተመለሱ፤ የቀረውን ጦር ሰበሰቡ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪም ሊያግዟቸው መጡ፤ አዲስ አበባ ያለው ሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት በስማቸው የተጠራላቸው ሰው ናቸው። ሌሎች ደግሞ ከጠላት ወገን መጡ። በጣልያን ጦር ውስጥ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ ኤርትራውያን አስካሪዎች ከነጠመንጃቸው ከድተው ከራስ ደስታ ጋር ተቀላቀሉ። መትረየስ የሚያውቁ፣ በሥርዓት የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ዋደራ በሚባለው ደን ውስጥ ከነዚህ ሰዎች ጋር ሆነው ለጣልያን አልበገር ብለው ቆዩ። በሜዳው ላይ ያልሆነላቸው በደኑ ውስጥ ሆነላቸው። ከገናሌ ተምረዋል ማለት ነው።

ከዚያ ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጣልያን ከተማዋን ያዘ። ልዕልት ተናኘወርቅ ልጆቻቸውን ይዘው ከአባታቸው ጋር ተሰደዱ፤ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ የምትባል ከተማ ውስጥ ተቀመጡ።

አሁን በራስ ደስታ ቦታ ሆናችሁ አስቡ። ንጉሡ የሉም። ሚስትና ልጆች ባሕር ማዶ ናቸው። ዋና ከተማው ተይዟል። ጥይት የሚልክ የለም። የኬንያ ድንበር ደግሞ ከሲዳሞና ከቦረና ጋር የሚዋሰን ነው፤ ተሻግሮ ወደ ቤተሰብ መሄድ ይቻላል። ማንም «ለምን ሄድክ?» አይላቸውም ነበር። ምን ታደርጋላችሁ?

ራስ ደስታ አልሄዱም። ቆዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ ዘጠኝ ወር ከግማሽ በላይ ተዋጉ። ይህን መድገም እፈልጋለሁ፤ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ፣ ዘጠኝ ወር ከግማሽ በላይ።

የሚጠብቃቸውም ነገር የታወቀ ነበር። በግንቦት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ሙሶሊኒ የሚያዙ «ዓመፀኞች» ሁሉ በጥይት እንዲገደሉ ትእዛዝ ልኮ ነበር። ዓመፀኛ ያለው አገሩን የሚከላከለውን ሰው ነው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን «በሰላም ግቡ፣ ምንም አትሆኑም» የሚለውን ቃል አምነው ፍቼ ላይ ገቡ፤ እዚያው ተገደሉ። እነሱም የመኳንንት ልጆች ነበሩ።

(አጭር ዝምታ።)

በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጄኔራል ጀሎሶ የሚመራው ጦር ይርጋለምን ለመያዝ መጣ። ራስ ደስታ ወደ ላይ፣ ወደ አርቤጎና ደጋ ወጡ። የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርድም ከእሳቸው ጋር ተገናኙ። ደጃዝማች በየነ የንጉሠ ነገሥቱ ሌላው አማች፣ የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ናቸው።

ቀደም ሲል ስለ ገባር የተናገርኩትን አስታወሳችሁ? ዋጋ ያስከፈለው እዚህ ጋ ነው። በደጋው የሚኖረው ገበሬ ለዚህ ጦር እህል የሚያቀርበው፣ መንገድ የሚመራው፣ ጠላት ከየት እንደመጣ የሚነግረው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ያደረጉ ነበሩ፤ አብረው የሞቱም ነበሩ። ብዙው ግን ለዓመታት ሲያስገብረው ለኖረ ወገን ሲል ቤቱን ለእሳት አልሰጠም። ጣልያንም ይህንን ያውቅ ነበር፤ ገባርነት ቀርቷል እያለ ሕዝቡን ከጦሩ ይነጥል ነበር። እንግዲህ ያን ገበሬ «ከዳ» ብሎ ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት፣ የእናንተ አያት በዚያ ቦታ ቢሆኑ ምን ባደረጉ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ መፍረድ አልቻልኩም።

ጥር ላይ አርቤጎና ተከበበ። ራስ ደስታና አብረዋቸው ያሉት ከበባውን ጥሰው ወጡ። ወዴት? ወደ ሰሜን፣ ወደ ጉራጌ አገር። ከሲዳማና ከባሌ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጉራጌ ለመድረስ የስምጥ ሸለቆውን መሬት ማቋረጥ ግድ ነው። የእኛን አገር፣ የሐይቆቹን አገር።

ከሁሩታ ወደ ዝዋይ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ። ግራርና ሜዳ ነው። በቅሎ የጫነ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ አቧራው ብቻ ይበቃል። ገናሌ ላይ የፈጃቸው ዓይነት ገላጣ መሬት እንደገና ከፊታቸው ተዘረጋ። አሁን ደግሞ ጦሩ ጥቂት ነው፤ ቁስለኛ፣ የተራበ፣ ጥይት የጨረሰ።

(ከበሮ፤ ሦስት ምት።)

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። ይህን ቀን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አዲስ አበባ ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት፣ ከዚያም ጣልያን ለሦስት ቀን ሕዝቡን የፈጀበት ቀን ነው። የስድስት ኪሎው ሐውልት ለዚያ ቀን የቆመ ነው።

ግን በዚያው ዕለት፣ በየካቲት 12፣ ጎጌቲ በተባለው ቦታ ሌላ ነገር እየሆነ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የሲዳሞና የባሌ ጦር ቅሪት በጣልያን ጦር ተከቦ የመጨረሻውን ውጊያ ይዋጋ ነበር። በአንድ ቀን፣ አንዱ በዋና ከተማው፣ አንዱ በገጠር፤ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያ ወደቁ። ደጃዝማች በየነ መርድም በዚያው ሰሞን ተገደሉ። ራስ ደስታ ቆስለው አመለጡ።

የሄዱት ወደ መስቃን፣ ወደ ቡታጅራ አካባቢ ነው፤ የተወለዱበት አገር እንደሆነ ይነገራል። አምስት ቀን ብቻ ቆዩ። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ለጣልያን ያደሩ ወታደሮች አግኝተው ያዟቸው፤ በዚያው ቀን በጥይት ተገደሉ። በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

(ዋሽንት፤ ለአሥራ አምስት ሰከንድ።)

ቤተሰቡስ? ልዕልት ተናኘወርቅ ባላቸው መገደላቸውን የሰሙት በስደት ላይ ሆነው ነው። እኅታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ አልተሰደዱም ነበር፤ ጣልያን ከነልጆቻቸው ይዞ ወሰዳቸው፣ ቱሪን ከተማ ውስጥ በምርኮ እንዳሉ ሞቱ። የራስ ደስታ ልጅ እስክንድር ደስታ አድገው የባሕር ኃይል ሬር አድሚራል ሆኑ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከገደላቸው ባለ ሥልጣናት አንዱ እሳቸው ናቸው። እናታቸውና እኅቶቻቸው ከአሥር ዓመት በላይ ታሰሩ። ልዕልት ተናኘወርቅ ከዚያ ሁሉ ተርፈው እስከ 1995 ዓ.ም. ኖረዋል።

ዛሬ አዲስ አበባ ለሕክምና የሄደ ሰው «ራስ ደስታ ሆስፒታል» ሲል ይሰማል። ካርድ ያወጣል፣ ተራ ይይዛል፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ ይመለሳል። ስሙ የማን እንደሆነ ዛሬ ያዳመጣችሁን ታውቃላችሁ።

ለሁሩታው ተማሪ ሙሉውን መልስ ልስጥህ። ራስ ደስታን ገናሌ ላይ አዛዥ አድርጎ ያስቀመጣቸው ትውልድና ጋብቻ ነው፤ ያ አዛዥነት አልበቃም፤ ብዙ ሰው ሞተበት። ከሚያዝያ እስከ የካቲት ለነበረው ጦርነት ግን ማንም አልሾማቸውም። የሾማቸው መንግሥት ፈርሷል። በእነዚያ ወራት ከወታደራቸው ጋር በአንድ ደን አደሩ፣ አንድ ዓይነት ረኃብ ተራቡ፣ ማምለጫ እያለ አላመለጡም። በዚህ ምክንያት እኔ ራስ ደስታን የጦር አዛዥ ብዬ የምጠራቸው በገናሌው ሳይሆን በአርቤጎናው ነው።

(መዝጊያ ሙዚቃ በዝግታ ይገባል።)

ውድ አድማጮቻችን፣ ከመለያየታችን በፊት አንድ ልመና አለኝ። ያ የመጨረሻ ጉዞ በሐይቆቹ አካባቢ ሲያልፍ ያዩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው ግን አሉ። በአርሲ፣ በዝዋይ ዳር፣ በሻላ፣ በመቂ፣ እስከ ቡታጅራ ድረስ «በጣልያን ጊዜ በዚህ በኩል የቆሰሉ ሰዎች አለፉ»፣ «አባቴ ውሃ ሰጣቸው»፣ «አያቴ በሩን ዘጋባቸው» እያሉ የሚያወሩ አዛውንቶች አሉ። በኦሮምኛም በጉራጊኛም በአማርኛም ይናገሩት፤ ውሃ የሰጠውም፣ በሩን የዘጋውም ታሪክ እኩል ያስፈልገናል። ወጣቶች፣ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። የቦታውን ስም፣ የተናጋሪውን ዕድሜ፣ ከማን እንደሰሙት አብራችሁ ያዙ። የተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቃችሁ ወደ ዝግጅታችን ላኩልን፤ እናሰማዋለን።

 

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይዘጋል።)